ሕግና ኑሮ፦ ኑዛዜው ሲነበብ ማን ሰማ?

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ብድር ውል ተነጋግረን ነበር። የዛሬው ጉዳያችን ኑዛዜ ነው። «ምነው! ሞትን ለምን ታነሡብናላችሁ?» የሚል አይጠፋም። በአገራችን ጤነኛ ሰው ስለ ኑዛዜ ሲያነሣ ሚስቱ ትደነግጣለች። ጎረቤቱም «ምን ታይቶት ይሆን?» ይላል። ስለዚህ ነገሩ ሰውየው አልጋ ላይ እስኪውል ድረስ ይቆያል። ያን ጊዜ ጸሐፊ ፍለጋ ሩጫ ነው፤ ምስክር ፍለጋም ሩጫ ነው። በሩጫ የተጻፈ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ይሆናል።

ጎዶሎ ኑዛዜ ምን እንደሚያደርስ በገዛ ቤተሰቤ አይቻለሁ። ልንገራችሁ።

አጎቴ በጎጃም ገበሬ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ሞቱ። ባልና ሚስቱ አንዲት የሙት ልጅ ከስድስት ዓመቷ ጀምረው አሳድገው ነበር። ልጂቱ «አባዬ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሏታል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የአጎቴ ዓይን ደከመ፤ እግራቸውም እምቢ አለ። ውሃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ከብት የምታስገባው፣ ሌሊት ተነሥታ የምታገላብጣቸው እሷ ነበረች። እኛ የእህትና የወንድም ልጆች ለዓመት በዓል እንመጣለን፤ ጠላ ጠጥተን እንሄዳለን። እውነቱን መናገር ይሻላል።

አጎቴ ይህን አስበው ኑዛዜ አጻፉ። ሁለቱን በሬዎች፣ ላሚቱን ከነጥጃዋ፣ አምስት የንብ ቀፎና በጎተራ ያለውን እህል ለልጂቱ ይሰጣት አሉ። ወረቀቱን የጻፈው ፊደል የቆጠረ ጎረቤት ነው። ጽሑፉ ያምራል። ቀን አለው። የአጎቴ የጣት አሻራ አለበት። አራት ምስክሮችም ፈርመውበታል። ማንም ቢያየው «ይህስ የተሟላ ነው» ይላል።

አጎቴ ከሞቱ በኋላ ግን ከወራሾቹ አንዱ፣ የአክስቴ ልጅ፣ «ኑዛዜው ይፍረስልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው ምስክሮቹን አንድ በአንድ ጠሩ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ሁለቱ ምስክሮች የፈረሙት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ ቤት ነው። ሦስተኛው የፈረሙት ማክሰኞ ገበያ ላይ ነው። ለአራተኛው ደግሞ ወረቀቱ ቤታቸው ድረስ ተወስዶላቸው ነው የፈረሙት። ዳኛው አራተኛውን ምስክር «ኑዛዜው ሲነበብ ሰምተዋል?» ብለው ጠየቋቸው። «አልሰማሁም። እሳቸው ሐሰት አያጽፉም ብዬ ፈረምኩ» አሉ። እኒህ ሰው ውሸት የማይወዱ ሰው ናቸው። የተጠየቁትን በእውነት መለሱ። በወረቀቱም ላይ «ኑዛዜው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ተነቧል» የሚል ቃል አልነበረም። ኑዛዜው ፈረሰ።

ልጂቱ በሕግ ለአጎቴ ምናቸውም አልነበረችም። ያሳደጉት ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ የሚወርሰው ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ነው። ያ አልተደረገም ነበር። ስለዚህ ሀብቱን አምስት ሆነን ተካፈልነው። እኔም ከአምስቱ አንዱ ነበርኩ። የደረሰኝን ለእሷ ተውኩላት፤ ነገር ግን ከአምስት አንድ እጅ ነው። በሬዎቹ ተሸጡ። የአክስቴን ልጅ ስወቅሰው «ሕጉ የሰጠኝን ነው የወሰድኩት» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? ኑዛዜን የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ዛሬም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንዱ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ሁለተኛው ተናዛዡ በራሱ እጅ ብቻ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛው በቃል የሚደረግ ነው።

በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ራሳችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ። ወይም እናንተ እየተናገራችሁ ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ከተጻፈ በኋላ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና የተነበበበት ቀን በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ከዚያም ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ወዲያውኑ ይፈርማሉ፤ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። «ወዲያውኑ» የምትለዋን ቃል አትርሷት። ነገ የለም፤ ገበያ ላይ የለም። አምስቱም ሰዎች ባንድ ቦታ፣ ባንድ ሰዓት ይገኛሉ። አንድ ምስክር ቢቀር ቀኑን ለውጡ እንጂ ወረቀቱን አታዙሩት።

ምስክሮቹ አካለ መጠን ያደረሱ ይሁኑ። ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ ይወቁ። ሲነበብ የሚሰሙ ወይም ራሳቸው የሚያነቡ መሆን አለባቸው። ሌላም ነገር አለ። በኑዛዜው አንድ ነገር የሚሰጠውን ሰው ምስክር አታድርጉ። በሬ የተናዘዛችሁለት ሰው ምስክር ሆኖ ከፈረመ፣ ዳኛ ያን ስጦታ ሊቀንሰው ወይም ሊያስቀረው ይችላል። የንስሐ አባትም ሆኑ ሐኪም፣ በሕመማችሁ ጊዜ ለረዳችሁ ሰው የምትሰጡት ስጦታም እንዲሁ በጥርጣሬ ሊታይ ይችላል። «አስጨንቀው አስጻፉት» የሚል ወራሽ ይነሣል።

ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ቅርብ የሆነላችሁ ሰዎች ደግሞ ሥራው ይቀልላችኋል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ለዚህ አንድ ቀን መንገድ መሄድ ቢያስፈልግም እኔ እሄዳለሁ።

ሁለተኛው ኑዛዜ በራስ እጅ የሚጻፈው ነው። ምስክር አያስፈልገውም። ይህ ለእናንተ፣ ለአዲሶቹ አንባቢያን፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ዛሬ ያለ ጸሐፊ መናዘዝ ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን ሕጉ ጥብቅ ነው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት። ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይጻፋል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይደረጋል። ሁለት ገጽ ጽፎ በመጨረሻው ብቻ የፈረመ ሰው ኑዛዜውን አበላሸ።

አሁን ልብ በሉ። ሕጉ በተለይ ለእንደ እናንተ ዓይነቱ ሰው የተናገረው ነገር አለ። ማንበብ የማይችል ሰው ሌላው የጻፈለትን እያየ፣ ፊደሉን እንደ ሥዕል እየገለበጠ ቢጽፍ፣ ኑዛዜው ዋጋ የለውም። የጻፈውን ራሱ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ገና ፊደል የምትለዩ ከሆነ ይህን መንገድ ለጊዜው ተዉት። «ልጄ ጽፎልኝ እኔ ገለበጥኩት» ማለት አያዋጣም። በግልጽ የሚደረገውን ምረጡ። በዚያም ቢሆን ትምህርታችሁ ይጠቅማችኋል፤ ጸሐፊው የጻፈውን ከመፈረማችሁ በፊት ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። «ሁለት በሬ» ያላችሁት «አንድ በሬ» ተብሎ ተጽፎ እንደሆነ ታያላችሁ።

በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ሌላም ችግር አለበት። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሞታል። በሣጥን ውስጥ ታጥፎ የኖረ ወረቀት ስምንተኛ ዓመቱን ሲይዝ ተራ ወረቀት ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ሦስተኛውን፣ የቃል ኑዛዜውን፣ ብዙ ሰው ይተማመንበታል። ታማሚው ሲደክም የንስሐ አባቱ ይጠራሉ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ «ቤቴን ለእገሌ፣ ከብቴን ለእገሊት» ይባላል። ሰሚው ሁሉ ያለቅሳል። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ተሰምቷል። ሕጉ ግን ለቃል ኑዛዜ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። ሞቱ እንደ ቀረበ የተሰማው ሰው ቃሉን ለሁለት ምስክሮች ይናገራል። በዚህ ቃል ሦስት ነገር ብቻ ማዘዝ ይችላል። የቀብሩን ሥነ ሥርዓት ማዘዝ ይችላል። ላካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ሞግዚትና አሳዳሪ መምረጥ ይችላል። ለአንድ ሰው ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መስጠት ይችላል። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምን እንደሚገዛ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ የቃሉ ኑዛዜ ይወድቃል። እንግዲህ በሬና ላም በቃል አይሰጥም።

ይህ ሁሉ ስለ ወረቀቱ አሠራር ነው። ወረቀቱ ውስጥ የሚጻፈውም ስሕተት አያጣም።

የመጀመሪያው ስሕተት የሌላውን ሀብት መናዘዝ ነው። አንድ አባወራ «ከብቶቼን ሁሉ» ብሎ ይናዘዛል። ከተጋቡ በኋላ አብረው ያፈሩት ሀብት እኩሌታ ግን የሚስቱ ነው። እሱ መናዘዝ የሚችለው በራሱ እኩሌታ ላይ ነው። ይህንን ሲሰሙ ብዙ ባሎች «ታዲያ እሷም ትወርሰኝ የለ?» ይላሉ። አትወርስም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ወራሾች አይደሉም። የሚስት እኩሌታ ድርሻዋ እንጂ ውርስ አይደለም። ከራሱ ድርሻ እንዲደርሳት የሚፈልግ ባል በኑዛዜው ላይ ስሟን ጠርቶ መጻፍ አለበት። ሚስትም ለባሏ እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንዲት አንባቢያችን ያቀረቡት ጥያቄ ይገባል። «እኔና ባለቤቴ ባንድ ወረቀት ብንናዘዝ አይቻልም ወይ? ወረቀትም ይቆጥባል» ብለዋል። አይቻልም። ሁለት ሰዎች ባንድ ወረቀት ያደረጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ኑዛዜ የአንድ ሰው ቃል ነው። ባል በሱ ወረቀት፣ ሚስት በሷ ወረቀት ትናዘዝ። ለሌላ ሰውም «አንተ ተናዘዝልኝ» ብሎ ውክልና መስጠት አይቻልም።

መሬትን በሚመለከት ነገሩ የተለየ ነው። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ይህ መብት ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስነው የየክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ነው። ከተወሰነ መጠን በታች ቆራርሶ ማካፈልም አይፈቀድም። እንግዲያው ስለ መሬታችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የይዞታ ደብተራችሁን ይዛችሁ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂዱና ጠይቁ። ስለ ከብት የሚሆነው ሁሉ ስለ መሬት አይሆንም።

ስለ ልጆች ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው። አባት ባንዱ ልጁ ይቆጣና ስሙን ሳይጠራ ይተወዋል። «ስሙን ካልጠራሁት አይወርስም» ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ወላጅ «ነቅዬዋለሁ» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱንም መጻፍ አለበት። ዳኛውም ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ይመረምራል። «ሴት ናት፤ ተድራ ሄዳለች» የሚባለው ምክንያት አይሆንም። በሕጉ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ወራሽ ናቸው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደም እንዲሁ።

ላንዱ ልጅ ጥቂት ማብለጥ ግን ይቻላል። ልኩ አለው። አራት ልጆች ያሉት ሰው 160,000 ብር የሚያወጣ ሀብት አለው እንበል። እኩል ቢካፈሉ ለያንዳንዱ 40,000 ብር ይደርሳል። በኑዛዜው ምክንያት አንዱ ልጅ ከዚህ ድርሻ ከሩብ በላይ ከጎደለበት መክሰስ ይችላል። የ40,000 ሩብ 10,000 ነው። ስለዚህ ከ30,000 ብር በታች የደረሰው ልጅ አቤት የማለት መብት አለው። ይህን ሒሳብ በደብተራችሁ ላይ በራሳችሁ ሀብት ሞክሩት።

አሁን ደግሞ ስለ በሬ። «ቀዩን በሬ ለወንድሜ ልጅ» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። በሚቀጥለው ዓመት ቀዩ በሬ ተሸጠ። በገንዘቡ ጥቁር በሬ ገዛችሁ። ስትሞቱ የወንድማችሁ ልጅ ምን ያገኛል? ምንም። የተናዘዛችሁትን ነገር በፈቃዳችሁ ከሸጣችሁት ስጦታው ይቀራል፤ ጥቁሩ በሬ በቀዩ ፋንታ አይገባም። የገበሬ ሀብት ደግሞ ይለዋወጣል። ስለዚህ «በምሞትበት ጊዜ ካሉኝ በሬዎች አንዱን» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ዕዳም አለ። ከኑዛዜ ስጦታ በፊት የቀብር ወጪ ይከፈላል፤ ዕዳም ይከፈላል። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የዕቁብ ዕዳ፣ ከጎረቤት የተወሰደ ብድር ሁሉ ይቀድማል። ያለባችሁንና ሰው ዘንድ ያላችሁን በኑዛዜው ላይ ብትጽፉ ወራሾቻችሁ ከሐሰተኛ ገንዘብ ጠያቂ ይድናሉ።

ለናሙና ይህን ጽፈናል። የራሳችሁን ቃል አስገቡበት።

«እኔ እገሌ፣ የእገሌ ቀበሌ ነዋሪ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ አድርጌአለሁ። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ ቢኖር ተሽሯል። በምሞትበት ጊዜ ካሉኝ በሬዎች አንዱ ለእገሊት ይሰጣት። የቀረው ሀብቴ ለልጆቼ እኩል ይሁን። ይህ ኑዛዜ ዛሬ (ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት) በእኔና ከዚህ በታች ስማቸው በተጻፈው አራት ምስክሮች ፊት ተነቧል። ሁላችንም ሰምተን ወዲያውኑ ፈርመናል።»

ከዚህ በታች የተናዛዡ ስምና ፊርማ ይሆናል፤ ቀጥሎ የአራቱ ምስክሮች ስምና ፊርማ። ስርዝ ድልዝ ካለበት ሌላ ንጹሕ ወረቀት ላይ እንደ ገና ጻፉት። ወረቀት ርካሽ ነው።

ኑዛዜ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ አይለወጥም የሚሉ አሉ። ይለወጣል። ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ኑዛዜውን መሻር፣ መቅደድ፣ ሌላ ማድረግ ይችላል። ሁለት ኑዛዜ ተገኝቶ የማይስማሙ ከሆነ የኋለኛው ይጸናል። ልጅ ከተወለደላችሁ በኋላ ደግሞ የድሮውን አውጥታችሁ እዩት። ከኑዛዜው በኋላ የተወለደ ልጅ ውርሱን ከተቀበለ የቀድሞው ኑዛዜ ሊወድቅ ይችላል። ወረቀቱንም እርጥበትና ምስጥ ከማይደርስበት ቦታ አኑሩት። ከሁሉ የሚሻለው ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ማስቀመጥ ነው። የት እንዳለም ሁለት ታማኝ ሰው ይወቅ። ማንም ያላገኘው ኑዛዜ እንዳልተጻፈ ነው።

እኔም ከአጎቴ ነገር በኋላ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ባለፈው ጥቅምት ኑዛዜዬን አደረግሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ፈራች፤ በኋላ «እኔም የራሴን ላድርግ» አለች። አራት ሰዎች ጠራሁ። ቡና ከመፈላቱ በፊት ነገሩን እንጨርስ ብዬ ወረቀቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። እስክሪብቶውን ሳቀብል ከምስክሮቹ አንዱ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ቆይ ልጄ፤ ስለ ላሚቱ ያልከውን በደንብ አልሰማሁም። ድገመው» አሉኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደ ገና አነበብኩት። ከዚያ ፈረሙ።